ከሰኔ ጭቃ እስከ ፋሲካ ቅርጫ፦ የግቢ ውሻ የዓመት አያያዝ መመሪያ

ውሻ እንደማሳድግ የሚያውቁ ጎረቤቶችና ዘመዶች በዓመት ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘውብኝ ይመጣሉ። አንደኛው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የሚመጣው «ውሻችን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ምን እናድርግለት?» የሚለው ነው። ሁለተኛው በነሐሴ አጋማሽ የሚመጣው «ሲያክ ያድራል፣ ጠጉሩም እየረገፈ ነው» የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ከመመለስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥ ስለሚሻል ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

ከደረጃዎቹ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጎንደር ውስጥ የሚኖር የግቢ ውሻ ሁለት ዓይነት ወቅት ይፈራረቅበታል። አንዱ የሰማዩ ሲሆን ሌላው የቤቱ ማዕድ ነው፤ ውሻው የሚበላው የቤተሰቡን ትርፍ እስከሆነ ድረስ ቤተሰቡ ሲጾም አብሮ ይጾማል፣ ቤተሰቡ ሲፈስክም አብሮ ይፈስካል። ሁለቱ ወቅቶች የሚገጥሙት ደግሞ ውሻውን በሚጎዳ አኳኋን ነው። ፍልሰታ በዝናቡ መካከል፣ ጾመ ነቢያት በብርዱ መካከል፣ ዐቢይ ጾም በሙቀቱ መዳረሻ ይውላሉ፤ ስለዚህ ውሻው ተጨማሪ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ሳህኑ ይሳሳል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት ይህን ግጥሚያ ታሳቢ በማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አብዛኛው በቤትዎ ያለ ነው፤ የጎደለውን ከቅዳሜ ገበያ ማሟላት ይቻላል።

- ደረቅ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ፣ አንድ ጆንያ ያህል
- ለቤቱ ወለል የሚሆን ጣውላና አራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች
- ሰፊ የአንገት ማሰሪያ፣ ከ8 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ጠንካራ የብረት ገመድ፣ አንድ ቀለበትና የሚሽከረከር መንጠቆ
- የማይገለበጡ ሁለት የውሃ ዕቃዎች (ከባድ የሸክላ ገበቴ ከፕላስቲክ ይሻላል)
- ወረንጦ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ቀላል ሳሙናና አሮጌ ፎጣ
- ለእንስሳ ብቻ የሚውል ቴርሞሜትር
- ባዶ የ3 ሊትር ጀሪካን፣ ያረጀ የመኪና ጎማና አሸዋ
- የክትባትና የትል መድኃኒት ቀን የሚመዘገብበት ደብተር

ደረጃዎቹ

1. በመጀመሪያ የውሻዎን የደኅና ቀን ሁኔታ ይወቁ።

ውሻው ጤነኛ በሆነበት ቀን ክብደቱን፣ የድዱን ቀለምና የሰውነቱን ሙቀት መዝግበው ያስቀምጡ። ለክብደቱ የሰው ሚዛን ይበቃል፤ ውሻውን አቅፈው ይመዘኑ፣ ከዚያ ብቻዎን ተመዝነው ልዩነቱን ይያዙ። ድዱ ሮዝ እንጂ የነጣ ወይም ቢጫ መሆን የለበትም፤ አንዳንድ ውሾች ግን በተፈጥሯቸው ጥቁር ድድ ስላላቸው ለእነሱ የዓይን ቆባቸውን ውስጠኛ ክፍል ይመልከቱ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሰው መለኪያ «ትኩሳት አለው» የሚያሰኘው 38.8 ለውሻ ደኅና መሆኑን ያላወቀ ሰው ያለ በሽታ መድኃኒት ይሰጣል።

የጎድን አጥንቱን በጣትዎ ሲዳብሱ በቀላሉ ሊቆጠር ይገባል፣ ነገር ግን ከሩቅ ቁልጭ ብሎ መታየት የለበትም። ይህን ዳሰሳ በየ15 ቀኑ ይድገሙት፤ ጠጉራም ውሻ መክሳቱ በዓይን የሚታየው ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው።

2. ግንቦት ሳያልቅ ቤቱን ያድሱ።

የውሻው ቤት መጠን ውሻው ቆሞ ዞሮ የሚተኛበት ያህል ብቻ ይሁን። ሰፊ ቤት የተሻለ ይመስላል እንጂ ውሻው በራሱ ትንፋሽና ገላ ሊያሞቀው አይችልም። ወለሉን በአራቱ ድንጋዮች ላይ አሳርፈው ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ የሐምሌ ጎርፍ ከሥሩ ሲያልፍ ጣውላው አይበሰብስም፣ ከመሬት የሚወጣው ቅዝቃዜም ወደ ውሻው ሆድ አይደርስም። በሩን ዝናቡ ከሚመታበት አቅጣጫ ተቃራኒ ያድርጉት፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ያለፈው ክረምት ግድግዳዎ ላይ የተወውን የጭቃ ፍንጣቂ መመልከት ይበቃል።

ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ከውስጥ ካርቶን ወይም ሰሌን ይለጥፉበት። ባዶ ቆርቆሮ በመጋቢት ምድጃ፣ በሐምሌ ከበሮ ይሆናል፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲመታው ውሻው ቤቱን ትቶ ደጅ ላይ ሲበሰብስ የሚያድረው ስለዚህ ነው። ለመኝታው አሮጌ ብርድ ልብስ ሳይሆን ጭድ ይጠቀሙ። ጨርቅ እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ጭድ ግን ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል፣ በመካከሉም የሚይዘው አየር ያሞቃል። በየሁለት ሳምንቱ ይቀይሩት።

3. በክረምት መዥገርንና ቁንጫን ከውሻው ገላ ብቻ ሳይሆን ከግቢውም ያጽዱ።

«መድኃኒት አድርጌለት ነበር፣ በሳምንቱ ተመለሰ» የሚለው ቅሬታ መልሱ እዚህ ነው። ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ የጠቅላላው ጥቂት ክፍል ነው፤ እንቁላሉ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል መሰል እጭና ገና ቁንጫ ያልሆነው ሙሽሬ በመኝታው ጭድ፣ በወለሉ ስንጥቅና በጥላ አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ውሻውን ባከሙበት በዚያው ቀን የድሮውን ጭድ ከግቢ አውጥተው ያቃጥሉ፣ ጣውላውን በፈላ ውሃ ያጠቡ፣ ፀሐይ ስትወጣም ቤቱን ገልብጠው ያስጡት።

መዥገርን በየቀኑ ይፈልጉ። የሚወደው ቦታ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ በጣቶች መካከልና ከጅራት ሥር ነው። ሲያገኙት ጓንት አድርገው በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይያዙትና ሳያጣምሙ ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ናፍጣ ማፍሰስ ወይም በክብሪት መለብለብ የተለመደ ቢሆንም አይበጅም፤ የተጨነቀ መዥገር በአፉ ያለውን ወደ ውሻው ደም መልሶ ሊተፋ ይችላል፣ ውሻውም ይቃጠላል። የነቀሉትን በእጅዎ አይጨፍልቁ፤ በሳሙና ውሃ ወይም በአልኮል ውስጥ ይጣሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለከብት የተገዛ የመዥገር መድኃኒት ወይም የአይቨርሜክቲን መርፌ በግምት ለውሻ አይስጡ። የከብቱ መድኃኒት የተዘጋጀው ለብዙ መቶ ኪሎ ክብደት ስለሆነ በመርፌው ጫፍ ላይ የምትታየው ጠብታ እንኳ ለትንሽ ውሻ ከመጠን ልታልፍ ትችላለች፤ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥና ሞት ሊያስከትል ይችላል። መጠኑን በደረጃ 1 የመዘገቡትን ክብደት ይዘው የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ።

ዝናብ የመታው ውሻ ከመተኛቱ በፊት በጣቶቹ መካከል በፎጣ ይደረቅ፤ እዚያ የሚቀረው ጭቃ ቆዳውን ይልጠዋል። ጆሮውንም ያሽቱት። ጤነኛ ጆሮ ሽታ የለውም፤ የኮመጠጠ ሊጥ የሚመስል ሽታ ካለው ቁስለት ጀምሯል። ከኩሬ ውሃ እንዳይጠጣም የንጹሕ ውሃ ዕቃው ዘወትር ሙሉ ይሁን፤ የአይጥ ሽንት የገባበት የታቆረ ውሃ ለውሻም ለሰውም ኩላሊትንና ጉበትን የሚጎዳ በሽታ ያስተላልፋል።

4. ለጫጫታ ቀናት አስቀድመው ይዘጋጁ።

ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ የሰፈር ልጆች ጅራፍ ማጮኽ ይጀምራሉ፤ በነሐሴ 13 ቡሄ ደግሞ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በራፍ ያንኳኳሉ። በእንቁጣጣሽ አበባየሁሽ ባዮች፣ በመስከረም 16 ደመራ፣ በጥር 10 እና 11 የከተራና የጥምቀት ሕዝብ ይከተላል። በተለይ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ውሻቸው በዚያ ሰሞን ከአጥር ዘሎ እንደጠፋ ይናገራሉ። የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ እጅግ ስለሚልቅ የጅራፍ ጩኸት ለእርስዎ ጨዋታ ቢሆንም ለእሱ ድንጋጤ ነው፤ የደነገጠ ውሻ ደግሞ ወይ ይሸሻል ወይ ይነክሳል።

ስለዚህ በነዚህ ቀናት ውሻውን በጠዋት በደንብ ያንሸራሽሩት፣ ይመግቡት፣ ከዚያም ከውጭ በር ርቆ በሚገኝ ጨለም ያለ ክፍል ወይም ጓዳ ከጭዱ ጋር ያስገቡት። በሩ ላይ አስሮ መተው ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሙልሙል ሊቀበል የመጣ ሕፃን የሰንሰለቱን ርዝመት አያውቅም።

5. ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ያስቡ።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሳለ ሌሊቱ ይቆረጥማል። የጭዱን ውፍረት ይጨምሩ፣ የቤቱን በር በጆንያ ይጋርዱ። አጭር ጠጉር ያለው፣ ቡችላና ያረጀ ውሻ በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ይደር። ጠዋት ሲነሣ የኋላ እግሩን የሚጎትት ያረጀ ውሻ «ሰንፎ» ሳይሆን መገጣጠሚያው ስላመመው ሊሆን ይችላል። በዚህ ወራት ክረምቱን ሙሉ የተውት ገላ መታጠብ ካለ በቀትር ብቻ አጥበው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ያቆዩት።

ሌሊት ከአጥር ውጭ አያስሩት። ጅብ ወደ ሰፈሮቻችን እንደሚወርድ ሁላችንም ሌሊት እንሰማለን፤ የታሰረ ውሻ ደግሞ ሊሸሽም ሊዋጋም አይችልም።

6. በጾም ወራት የውሻውን ምግብ ከቤተሰቡ ማዕድ ይለዩ።

ውሻ ከእህልም ብዙ ተጠቃሚ ነው፤ እንጀራ ብቻ ግን አይበቃውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያን ያህል ጊዜ የሽሮ ፍትፍት ብቻ የበላ ውሻ ጠጉሩ ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በዚያ ላይ ሽሮውም ምስሩም በሽንኩርት የተሠራ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፣ መብሰላቸውም ጉዳቱን አያስቀረውም። ጥቂት በጥቂት ሲጠራቀም ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻውም ይደክማል። «በጾም ደከመ» የሚባለው ውሻ ሁሉ በረኃብ ብቻ የደከመ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለምግብ የሚሆነውን ከመቁላላቱ በፊት ከድስቱ ይቀንሱ። ያልተቀመመ ድርቆሽ ወይም ሩዝ ግማሹን ያህል ይሁን። ሲሦ የሚሆነውን በተቀቀለ እንቁላል፣ አጥንቱ በጥንቃቄ በወጣ የተቀቀለ የጣና ዓሣ ወይም በጣም በበሰለ ምስር ይሙሉ። የቀረውን በተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ያሟሉ። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን ከ400 እስከ 600 ግራም የሚሆን እንዲህ ያለ ምግብ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይበቃዋል፤ በብርዱ ወራት ወደ ላይኛው፣ ከሰንሰለት ለማይወርድ ውሻ ወደ ታችኛው ይጠጉ። ሥጋ ቤቶች ሊዘጉ ሲሉ ሳንባ ገዝቶ ቀቅሎና አድርቆ ማስቀመጥም ይቻላል። እንቁላል በጾም ገዢ ስለሚያንሰው ለውሻዎ የሚገዙበት ጥሩ ጊዜ ነው።

7. ፋሲካ፣ ገናና መስቀል ሲደርሱ ውሻውን ከዕርዱ ያርቁ።

የዚህ መመሪያ ዋነኛ ደረጃ ይህ ነው፤ ሌላውን ቢዘሉ ይህን አይዝለሉ።

የቅርጫው በሬ ተገፎ ሲበለት ውሻው ዙሪያውን ይቀመጣል። ሥጋውን የሚበልተው ሰው ጉበቱን ወይም ሳንባውን ሲሰነጥቅ በውሃ የተሞላ ነጭ ፊኛ የሚመስል እብጠት ያገኛል፤ «ይህ የተበላሸ ነው» ብሎ ቆርጦ ወደ ውሻው ይወረውረዋል። ሐኪሞች ሃይዳቲድ የሚሉት የፊኛ ትል በሽታ የሚዞረው በዚህች አንዲት ውርወራ ነው። ፊኛው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የትል ራሶች በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ትሎች ይሆናሉ። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላላቸው በዓይነ ምድሩ መውጣት ይጀምራል፣ ጠጉሩ ላይም ይጣበቃል። ልጅዎ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉ ወደ እሱ ይገባል፤ ያው ፊኛ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ውሻው ግን አንዳች ሕመም አይታይበትም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ስለዚህ፦

ሀ. ዕርዱ ከመጀመሩ በፊት ውሻውን ይዝጉ፤ ደሙ ታጥቦ ቦታው እስኪጸዳ አይፍቱት።

ለ. ፊኛ ያለበትን ጉበት፣ ሳንባና ሌላ አካል ያቃጥሉ፣ ወይም አንድ ሜትር ያህል ቆፍረው ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት። በስሱ የተቀበረውን የሰፈር ውሻ በዚያው ሌሊት ያወጣዋል።

ሐ. ደኅና የሚመስለውን ሳንባና ጨጓራ ለውሻው መስጠት ከፈለጉ ከፈላ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቀቅሉት። ትንንሾቹ ፊኛዎች በዓይን አይታዩም።

መ. ከበዓሉ በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በክብደቱ መጠን ያሰጡት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት የሚወጣውን ዓይነ ምድር በጓንት ሰብስበው ይቅበሩ።

ከዚያ የሚመጣው የድግሱ ትርፍ ነው። 55 ቀን ሥጋ ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ቀን ጮማና ቅቤ ሲጫንበት ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ በመግቢያው የጠቀስኩት የፋሲካ ማግሥት ማስመለስና ማስቀመጥ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሥጋውን ከጾሙ ምግብ ጋር እየቀላቀሉ በ7 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉለት። የሚከተሉትን ደግሞ ጨርሶ አይስጡት፦

- የዶሮ ወጥ አጥንት። የበሰለ አጥንት እንደ ሸንበቆ ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ከላዩም የሽንኩርት ቁሌት አለበት።
- ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ። በሆዱ ሙቀት መኩፋቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ያመነጫል።
- አተላ። ለከብት የለመድነው ቢሆንም የቀረው አልኮል ውሻን ያሰክራል፣ ሊገድለውም ይችላል።
- ዘቢብና ቸኮሌት። ዘቢብ ኩላሊቱን፣ ቸኮሌት ልቡን ይጎዳል።

8. በመጋቢትና በሚያዝያ ከሙቀት ይጠብቁት።

ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ያለው መላ ምላሱን አውጥቶ ማለከለክ ነው። ጥላው ከፀሐይ ጋር ስለሚዞር ጠዋት ጥላ ያለበት ቦታ የታሰረ ውሻ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከማሰርዎ በፊት የከሰዓቱን ጥላ ያስቡ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ1 ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል፣ በሙቀት ደግሞ ይበልጣል። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን የውሻውን ድርሻ አስቀድመው በጀሪካን ያስቀምጡ። ሁለት የውሃ ዕቃ ያልኩትም አንዱ ቢደፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው። አስፋልት ላይ ከመውጣትዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ ለ7 ሰከንድ ያሳርፉበት፤ እርስዎ ካልቻሉት የእሱ መዳፍም አይችለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ድዱ ደም የመሰለ፣ የሚንገዳገድና ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ወደ ጥላ ወስደው በአንገቱ፣ በሆዱና በመዳፎቹ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡት፤ መጠጣት ከቻለ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት። በእርጥብ ፎጣ ሸፍነው አይተዉት፤ ፎጣው ሲሞቅ ሙቀቱን አፍኖ ያቆያል። እየቀዘቀዘ እያለ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።

9. ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይስጡት።

«ያለ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል» የሚባል ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መሰልቸት ነው። የመጀመሪያ ውሻዬን አንበሴን 2 ሜትር በሆነ ሰንሰለት አስሬ ነበር የማሳድገው። አንድ ጠዋት ግቢ ስጠርግ ከምሰሶው ዙሪያ ክብ ሆኖ የተጎደጎደ መንገድ አየሁ፤ ሳሩ ተልጧል፣ አፈሩ እንደ አውድማ ጠንክሯል፣ የክቡም ጠርዝ ልክ በሰንሰለቱ ርዝመት ላይ ያበቃል። በዚያው ሳምንት ሰንሰለቱን በተንሸራታች ገመድ ተካሁት።

ገመዱን ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ምሰሶዎች መካከል የብረት ገመዱን ከራስዎ ቁመት ከፍ አድርገው ይወጥሩ። ቀለበቱን በገመዱ ላይ አስገብተው የውሻውን ማሰሪያ በሚሽከረከረው መንጠቆ ያያይዙት። ከእያንዳንዱ ምሰሶ አንድ ሜትር መለስ ብለው ማቆሚያ ቋጠሮ ያድርጉ፤ ይህ ከሌለ ውሻው ምሰሶውን ዞሮ ራሱን ያንቃል። ገመዱ ከአጥርም ሆነ ሊወጣበት ከሚችል የድንጋይ ካብ ይራቅ፣ ዘሎ ወዲያ ማዶ ሊንጠለጠል ይችላልና። በአንገት ማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ለቡችላ ደግሞ በየሳምንቱ ይፈትሹት፣ እያደገ ማሰሪያው ሥጋው ውስጥ የሰረገ ቡችላ አይቻለሁ።

ገመዱ ግን ቦታ እንጂ ሥራ አይሰጠውም። ሥራ የሚሆነው ማሽተት ነው። ከምግቡ ጥቂቱን በሳህን ከማቅረብ ይልቅ ድርቆሹን በንጹሕ ጭድ ውስጥ ይበትኑለት፤ ሩብ ሰዓት በአፍንጫው መፈለጉ ብዙ ከመሮጥ ይልቅ ያረጋጋዋል። ጀሪካኑን ክዳኑን ነቅለው ይጣሉ፣ ጎኑን በጣት ስፋት ሦስት ቦታ ይብሱና ስለቱን አለስልሰው ጥቂት ድርቆሽ ይጨምሩበት፤ በአፍንጫው እያንከባለለ ያወጣዋል። ፕላስቲኩን መንከስ ሲጀምር ይውሰዱበት። ጎማውን በአሸዋ ሞልተው የተቀቀለ ካሮት ይቅበሩበት፤ የአትክልት መደብዎን መቆፈርም ይተዋል፣ ቢያንስ የእኔ ትቷል። እነዚህን በአንድ ላይ ሳይሆን በየሁለትና ሦስት ቀኑ እያፈራረቁ ይስጡት፣ ሁልጊዜ ያለ ነገር ዕቃ ይሆናልና።

በወቅቱም ይለዋውጡ። በክረምት ጨዋታው በረንዳ ላይ ይሁን፤ በሙቀት ወራት ሽርሽሩ ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን፤ በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው ሲደርቅ ግን በቀን ግማሽ ሰዓት በረጅም ገመድ ይዘውት ይውጡ፣ እሱ ቆሞ ሲያሸት አይጎትቱት።

10. ክትባቱን ከአንድ የማይረሳ ቀን ጋር ያያይዙ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይቀጥላል። «ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ያበደ ውሻ ወይም ቀበሮ ወደ ግቢ ሊገባ ይችላል። እኔ የማስከትበው በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ መንገዱ ደርቋል፣ የትምህርት ቤት ወጪም አልፏል። ቡችላ ከሆነ ስለ ፓርቮ (ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ የቡችሎች በሽታ) ክትባትም ይጠይቁ። የትል መድኃኒት ለአዋቂ ውሻ በየ3 ወሩ፣ ለቡችላ ደግሞ ከዚያ በቶሎ ቶሎ ይሰጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው መጠመቅ ይችላል፣ ክትባቱን ግን ከዚያ በኋላ እያለ አያዘግይ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። የነከሰው ውሻ ካልጠፋ አይግደሉት፤ በተዘጋ ቦታ ለ10 ቀን ይታያል፣ ያ መረጃ ለሐኪሙ ያስፈልጋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ቁጡ እንዲሆን ብሎ ቃሪያ ማብላትና ከሰው ማግለል አንዱ ነው። ውጤቱ ጠባቂ ውሻ ሳይሆን እንግዳንና የቤት ልጅን የማይለይ ፈሪ ውሻ ነው። እከክ ያለበትን ውሻ በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ሌላው ነው፤ ውሻው ሲልሰው መርዙ ወደ ጉበቱና ወደ ኩላሊቱ ይገባል፣ እከኩን የሚያመጣው ጥቃቅን ተባይ ግን ከቆዳው ሥር ሳይነካ ይቀራል። ለሰው የተገዛ የራስ ምታት ክኒንም ለውሻ አይሰጥም፤ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም በትንሽ መጠን ይመርዙታል።

ሳይጠብቁ ወደ ክሊኒክ የሚወስዱበት ጊዜ

ከ24 ሰዓት በላይ ካልበላና ካስመለሰ፣ ደም የተቀላቀለበት ካስቀመጠው፣ ሆዱ በድንገት ተነፍቶ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ድዱ ከነጣ ወይም ጠባዩ ያለ ምክንያት ከተለወጠና ምራቁ ከተዝረከረከ አይዘግዩ። በመጨረሻው ሁኔታ አፉን ከፍተው አጥንት አለ ብለው እጅዎን አያስገቡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚመስለው ጉሮሮው ላይ አንዳች የተሰነቀረበትን ውሻ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር በመሆኑ በከተማው ባለሙያ ማግኘት አይቸግርም። ሲሄዱ ደብተሩን ይያዙ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎት ክብደቱን፣ የመጨረሻውን ክትባትና ትናንት ምን እንደበላ ነው።